ዋልካ አፈር፦ ከቀለሙ በፊት ስንጥቁን ማየት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ አፈር ናቸው፤ በጎንደርና በወሎ ዋልካ፣ በሸዋ መረሬ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ ስለሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር። የአፈር ባለሙያዎች ቨርቲሶል ይሉታል። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነው የሚገኘው በደጋና በወይና ደጋው ነው። ስለ ደጋው ብዙ ተጽፏል። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በአብዛኛው የመጡት ግን ዝናብ ከሚያጥርበት ቆላና ሜዳ ነው።

ጥያቄ፦ በቆቦ ሜዳ ያለኝ ማሳ ጥቁር ነው፤ በጋ ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። የጎረቤቴም ማሳ ጥቁር ነው፤ ግን እምብዛም አይሰነጠቅም። ሁለቱም ዋልካ ናቸው? በምን ልለያቸው? — አርሶ አደር፣ ከቆቦ

መልስ፦ ጥቁር ሁሉ ዋልካ አይደለም፤ ዋልካ ሁሉም ጥቁር አይደለም፤ ቡናማ ዋልካም አለ። የሚለየው ነገር አፈሩ ሲደርቅ መኮማተሩ፣ ሲረጥብ ማበጡ፣ በዚህም ምክንያት ከውስጥ መንቀሳቀሱ ነው። ይህን ለማየት ጉድጓድ መቆፈር ግድ ይላል።

በደረቁ ወቅት 1 ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ርዝመትና 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። የሚመረምሩት ግድግዳ ፀሐይ የሚያርፍበት ይሁን። ከዚህ በላይ አይጠልቁ፤ የዋልካ ግድግዳ በስንጥቁ በኩል ተገንጥሎ ሰው ላይ ሊናድ ይችላል። ከዚያ ሦስት ነገር ይፈልጉ።

አንደኛው ስንጥቁ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ከላይ ጀምሮ ወደ ታችኛው ንጣፍ መውረድ አለበት። ማሳው በቅርቡ ታርሶ ከሆነ ላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ስንጥቁን ይደብቀዋል፤ ከእርሻው ንጣፍ በታች ይመልከቱ። ሁለተኛው የሸክላ ድርሻ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ከ30 በመቶ ማነስ የለበትም። አፈሩን አርጥበው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፉ ሪባን ያውጡ፤ ሳይበጠስ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ የሸክላው ድርሻ በቂ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛውና ወሳኙ የመንሸራተት ምልክት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ40 ወይም ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች ጓሉ የሽብልቅ ቅርጽ ይይዛል፤ ዘንበል ብሎ የተኛ፣ ገጹ የሚያብለጨልጭና በአንድ አቅጣጫ ጭረት ያለበት ሆኖ ይገኛል። ያበጠ አፈር መሄጃ ሲያጣ አንዱ ጓል በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚተወው ምልክት ነው። ዘንበልታው ከአግድሞሽ መስመር ከ10 እስከ 60 ዲግሪ፣ ንጣፉ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መነሻውም ከ1 ሜትር ጥልቀት ያልዘለለ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አካፋም እርጥብ ሸክላን ሲቆርጥ የሚያብለጨልጭ ገጽ ይተዋል። ስለዚህ አካፋ የነካውን በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቀው ያስወግዱና ትልቅ ጓል አውጥተው በእጅ ይስበሩት፤ በተፈጥሮ መስመሩ ሲከፈት የሚታየው ገጽ ነው ትክክለኛው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ መለኪያም አለ። አፈሩን አድቅቀው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይንፉ፤ በውሃ ለስላሳ ሊጥ አድርገው አንድ ቀን ይተዉት። ጫፉ በተቆረጠ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እየገፉ ቀጥ ያሉ ዘንጎች ያውጡና ልክ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆርጠው ጥላ ውስጥ ለ2 ቀን ያድርቁ። ከዚያ ይለኩና የጠፋውን ርዝመት ለደረቁ ርዝመት ያካፍሉ። 6 ሴንቲ ሜትር የነበረው 5.3 ከሆነ 0.7 ለ5.3፣ ማለትም 0.13 ይመጣል፤ ይህ በጣም የሚኮማተር አፈር ነው። ለዋልካ ወሰኑ 0.06 ነው። ሊጡ የተፈጥሮ ቅርጹ ስለፈረሰ ከእውነተኛው ጓል ከፍ አድርጎ ያሳያልና ውጤትዎ 0.06 አካባቢ ከሆነ በዚህ ብቻ አይወስኑ።

የጎረቤትዎ ማሳ ምናልባት እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ያወረዱት ደለል ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱ ውስጥ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ተደራርበው በግልጽ ከታዩ ፍሉቪሶል ነው። ስንጥቅ ኖሮ የመንሸራተት ገጽ ግን ትንሽ ብቻ ከሆነ በመካከል ያለ አፈር ነውና «ፕሮቶቨርቲክ» የሚል ቅጽል ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ ስለ ወረዳችን አፈር አንድ ካርታ «ፔሊክ ቨርቲሶል»፣ አንድ ጥናት «ሃፕለስተርት»፣ ሌላው ደግሞ «ካልሲክ ቨርቲሶል» ይላል። የትኛው ነው ትክክል? — የግብርና ባለሙያ፣ ከመተማ

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተጻፉት በተለያየ ዘመንና በተለያየ ሥርዓት ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋኦና የዩኔስኮ የዓለም አፈር ካርታ መግለጫ ቨርቲሶልን በቀለም ብቻ ለሁለት ከፈለው፤ ጥቁሩን ፔሊክ፣ ቡናማውን ክሮሚክ አለው። በ1988 የተሻሻለው መግለጫ ቀለሙን ትቶ ወደ ኬሚካላዊ ጠባይ ዞረና ዩትሪክ፣ ዲስትሪክ፣ ካልሲክና ጂፕሲክ አለ። አሁን የምንሠራበት የዓለም ማጣቀሻ ሥርዓት በ1998 ጀምሮ በ2006፣ በ2014ና በ2022 ታድሷል፤ ፔሊክ እንደ አንድ ቅጽል ከሌሎቹ ጋር ተመልሶ ገብቶበታል። ሃፕለስተርት ደግሞ የአሜሪካ ሥርዓት ስም ነው።

የአሜሪካው ሥርዓት ስንጥቁ በዓመት ስንት ቀን ክፍት እንደሚሆን ይቆጥራል። በሞቃት አገር ስንጥቁ በዓመት ውስጥ በድምሩ 90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚከፈት ከሆነ አስተርት ነው፤ ከ90 ቀን ካነሰ ዩደርት ነው። ድርቀቱ ጸንቶ ስንጥቁ ተከታታይ 60 ቀን እንኳ የማይዘጋ ከሆነ ቶረርት ይባላል። የመተማ ሜዳ ከሰኔ እስከ መስከረም ዘንቦበት በጋውን ሙሉ ስለሚሰነጠቅ አስተርት ውስጥ ይገባል፤ ሃፕለስተርትም ከአስተርት አንዱ ነው። ቆጠራው መስኖ ባልጠጣ መሬት ላይ መሆኑን አይርሱ፤ በመስኖ ስንጥቁ የተዘጋን ማሳ አይቶ ዩደርት ብሎ መመደብ ስህተት ነው።

ለእርሻ ሥራዎ ግን ከዋናው ስም ይልቅ ቅጽሎቹ ይበልጥ ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን። «ግሩሚክ» ከሆነ ላይኛው አፈር በጋ ላይ ራሱን ወደ ጥቃቅን እንክብል ይሰባብራል፤ ዘር በቀላሉ ይቀበላል። «ማዚክ» ከሆነ ላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አንድ ወጥ ጠንካራ ጓል ነው፤ በደረቁ ሲታረስ ትልልቅ ጓል ያወጣል፣ ብቅለትም ይጎዳል። «ካልሲክ» ከሆነ በ1 ሜትር ውስጥ የኖራ ክምችት አለ፤ ነጫጭ ጠጠሮች ላይ ሎሚ ሲጨምቁ አረፋ ይወጣል። «ሶዲክ» (ሶዲየም የበዛበት) የሚለውን ካዩ ከታች ያለውን የአሚባራ ጥያቄ ያንብቡ። አፈሩን ሲመዘግቡ የዋናውን ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ ለአርሶ አደሩ ምንም አይነግረውም።

ከመተማ ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ የሚዘረጋውም ሜዳ ያው ዋልካ ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገኘው የገዚራ ሸክላ ደግሞ በአብዛኛው ዓባይ ከእኛ ደጋ፣ ከባዛልት ድንጋይ ከተሠራው አፈር እየጠረገ ያወረደው ነው። ስለዚህ ከሱዳን የሚመጡ የዋልካ ጥናቶችን ለመተማ መጠቀም ከደጋው ምክር ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በእስራኤል አፉላ ነው። የጓሮዬ አፈር ጥቁርና የሚሰነጠቅ ሆኖ የአገሬን ዋልካ ያስታውሰኛል። አንድ ዓይነት ነው?

መልስ፦ የኢይዝራኤል ሸለቆ ጥቁር ሸክላ በዚያው አገር አመዳደብ ግሩሙሶል ይባላል፤ በዓለም አቀፉ ሥርዓት ቨርቲሶል ነው። ልዩነቱ ዝናቡ በክረምት፣ ብርዱ ባለበት ወቅት መዝነቡ ነው፤ ስለዚህ የአሜሪካው ሥርዓት ዜረርት ይለዋል። ስንጥቁ የሚከፈተው በሙቀቱ ወራት ስለሆነ የጓሮ አትክልትዎ ሥር የሚቆረጠው በዚያ ጊዜ ነው። በጠብታ መስኖ በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ ያጠጡ፤ አድርቆ ቆይቶ አንዴ በብዛት ማጠጣት ውሃውን በስንጥቁ ከሥር በታች ይሰደዋል።

ጥያቄ፦ ለዓይን ከባድ ሸክላ የሆነ አፈር ቤተ ሙከራችን 27 በመቶ ሸክላ ብቻ አለው አለ። ይህን ይዤ ቨርቲሶል አይደለም ልበል? — ተመራቂ ተማሪ

መልስ፦ አይበሉ፤ መጀመሪያ ሥራውን ይፈትሹ። በሃይድሮሜትር ዘዴ ለሸክላማ አፈር 50 ግራም ይወሰዳል፣ በ100 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ የሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ውህድ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ በማደባለቂያ ይመታል፣ በ1 ሊትር ሲሊንደር በ40 ሰከንድና በ2 ሰዓት ይነበባል። የዋልካ ችግር በሁለት ቦታ ይመጣል።

የመጀመሪያው እርጥበት ነው። በአየር የደረቀ ዋልካ የደረቀ ቢመስልም 8 በመቶ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። 50 ግራም ብለው የመዘኑት እውነተኛ አፈሩ 46 ግራም ብቻ ነው። ንባቡ 13.5 ከሆነ ለ50 ሲካፈል 27 በመቶ፣ ለ46 ሲካፈል ግን 29.3 በመቶ ይሆናል። በ105 ዲግሪ ምድጃ የደረቀ ናሙና ጎን ለጎን ሳይመዘን የተሰጠ ውጤት ላይ መመርኮዝ አይገባም።

ሁለተኛው ሸክላው ሳይበታተን መቅረቱ ነው። ኖራ ቅንጣቶቹን ያጣብቃል፤ ጂፕሰም ያለበት አፈር ደግሞ ቢበታተን እንኳ መልሶ ይጨማደዳል። ምልክቱን በዓይን ያዩታል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ የሲሊንደሩ ላይኛው ውሃ ጠርቶ ከታች የደመነ ወሰን ከታየ ሸክላው ተጣብቆ ወርዷልና ንባቡ ዋጋ የለውም። ጨውና ጂፕሰሙን አጥቦ፣ ኖራውን አስወግዶ፣ ለከባድ ሸክላ ደግሞ የማደባለቂያውን ጊዜ ከ5 ወደ 15 ደቂቃ አሳድጎ መድገም ነው። በሌላ በኩል የ2 ሰዓቱ ንባብ ጥቂት ደቃቅ ደለልንም እንደ ሸክላ ይቆጥራል፤ ውጤቱ በ30 በመቶ ወሰን ላይ ከሆነ በ8 ሰዓት ያንብቡ ወይም በፒፔት ያሠሩ። የሙቀት እርማትም (ከ20 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.36 መደመር) ባዶው ሲሊንደር በዚያው ሙቀት ተነብቦ ከተቀነሰ ድጋሚ አይደመርም።

ጥያቄ፦ አፈራችን ጥቁር ስለሆነ ለም ነው እንላለን፤ ግን ያለ ማዳበሪያ ምርት አይሰጥም። ለምን?

መልስ፦ ጥቁረቱ ብዙ ብስባሽ አለ ማለት አይደለም። በቆላ ዋልካ ያለው ብስባሽ ትንሽ ነው፤ ከሸክላው ጋር በጥብቅ ስለተያያዘ ግን ትንሹ ሁሉን ያጠቁራል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብዙ ጊዜም ፖታሲየም አለው። የሚያጥረው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነው፤ የአፈሩ ፒኤች ከ7.5 ሲያልፍ ዚንክም ይያዛል። ፎስፈረስ ሲያስመረምሩ ኦልሰን በሚባለው ዘዴ እንዲሠራ ይጠይቁ፤ የብሬይ ዘዴ አሲድ ኖራ ባለው አፈር ላይ ስለሚመክን የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ዩሪያን ከላይ በትኖ መተው በዚህ አፈር ላይ ሁለት ጊዜ ያከስራል። ደረቅ ከሆነ በአልካላይኑ ገጽ ላይ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል፤ ውሃ ከተኛበት ደግሞ ናይትሬቱ በጋዝ መልክ ይጠፋል። ከፍሎ፣ ውሃው ከተጠነፈፈ በኋላ፣ በመስመር ጎን ቀብሮ መስጠት ነው። ውሃ የተኛበትን ቢጫ ሰብል አይቶ ወዲያው ዩሪያ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው።

ጥያቄ፦ ሰሊጣችን በሐምሌና በነሐሴ ቢጫ ሆኖ ይሞታል፤ በመስከረም መጨረሻ ደግሞ በውሃ እጥረት ይጠወልጋል። አንድ መሬት ሁለቱንም እንዴት ያደርጋል? ምንስ እናድርግ? — ከመተማ

መልስ፦ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ እየወረደ ይጠጣል፤ ሸክላው አብጦ ስንጥቁ ሲዘጋ ግን ውሃ የማስረጉ ፍጥነት እጅግ ይወርዳል። ሜዳው ደግሞ ዘንበልታ ስለሌለው ውሃው እዚያው ይተኛል። ሰሊጥ ሥሩ አየር ሲያጣ ጥቂት ቀን እንኳ አይታገስም። በመስከረም መጨረሻ የሚታየው ጥማት ከዚህ የመጣ ነው፤ ውሃ በተኛበት ጊዜ ሥሩ ወደ ታች ስላልወረደ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች የተከማቸውን እርጥበት አይደርስበትም። ከዚህም ሌላ ሸክላው ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ በእጅ ሲነኩት እርጥብ የሆነ ዋልካ ለሰብሉ ደረቅ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሰፊ መደብ ነው፦ 80 ሴንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ፣ በድምሩ 120። በበሬ ለሚያርሱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቢሾፍቱ አካባቢ በተሠራው የዋልካ ምርምር ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብ የሚያወጣ ቢቢኤም የሚባል መሣሪያ ወጥቷል፤ በትራክተር ለሚያርሱ የመደብ ማውጫ ክንፉን በዚሁ ልክ ማስተካከል ነው። በእያንዳንዱ መደብ ላይ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ሰሊጥ ይዘሩ። ቦዩ ከ100 ሜትር ርዝመት ከ40 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃል፤ ከዚህ ከበለጠ ይቦረቡራል፣ ካነሰ ውሃው ይቆማል። ቦዮቹ ሁሉ የሚገቡበት ሳር የለበሰ ዋና መውረጃ ሳይዘጋጅ መደብ ማውጣት ውሃውን በጎረቤት ማሳ ላይ መልቀቅ ነው። መውረጃውን ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ በበጋ ቅደዱ።

ጊዜው ከሁሉ ይከብዳል። ዋልካ ለእርሻ የሚመቸው በጣም አጭር ጊዜ ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ትንሽ አፈር አንስተው በመዳፍዎ መካከል ያሽከርክሩ፤ 3 ሚሊ ሜትር ቀጭን ገመድ ሆኖ ሳይሰበር ከወጣ አፈሩ ለማረስ በጣም እርጥብ ነው። በዚያ ሁኔታ ማረሻው ከታች የተለጠፈና ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይተዋል። ገመዱ ከመቅጠኑ በፊት ከተሰባበረ ይግቡ። በተግባር ይህ የሚሆነው ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ መሬቱ ገና ሳይጠግብ ነው።

ይህ ምክር ለቆቦ አይሠራም። እዚያ ችግሩ የውሃ እጥረት ስለሆነ ማሽላውን በ75 ሴንቲ ሜትር መስመር ዘርቶ ትልሙን በየ5 ሜትሩ ገደማ በአፈር እየዘጉ ውሃውን ማስቀረት፣ ሽልሻሎውንም በወቅቱ አድርጎ ስንጥቅ መሙላት ይሻላል። የተዘጋ ትልምን መተማ ላይ መሥራት ግን ሰሊጡን በገዛ እጅ ማስጠም ነው።

ጥያቄ፦ በአሚባራ በመስኖ የምናለማው የጥጥ ማሳ ላዩ ጠንክሮ ውሃ አልገባ አለ። ምርመራው የሶዲየም ድርሻ 16 በመቶ ይላል። ጂፕሰም ስንት እንጨምር?

መልስ፦ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። አፈሩ በኪሎ ግራም 50 ሴንቲሞል የመለዋወጥ አቅም (እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉትን ይዞ የመለዋወጥ ችሎታ) ቢኖረው፣ ድርሻውን ከ16 ወደ 6 ለማውረድ 5 ሴንቲሞል ሶዲየም መተካት አለበት። ላይኛውን 30 ሴንቲ ሜትር ለማከም ለእያንዳንዱ ሴንቲሞል በሄክታር ወደ 3.4 ቶን ንጹህ ጂፕሰም ያስፈልጋል፤ ለ5 ሴንቲሞል 17 ቶን ነው። ሁሉም ስለማይሠራ ሩብ ሲጨመርበት 21 ቶን ይደርሳል። የዋልካ የመለዋወጥ አቅም ከፍተኛ በመሆኑ በአሸዋማ አፈር ላይ በጥቂት ቶን የሚያልቀው ሥራ እዚህ ብዙ ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት የከርሰ ምድር ውሃውን ጥልቀት ይለኩ። በአሚባራ የጨውና የሶዲየም ችግር የመጣው በአብዛኛው መስኖው የከርሰ ምድር ውሃውን ወደ ላይ ስላወጣው ነው። ውሃው በ1.5 ሜትር ውስጥ ከሆነ የተፈናቀለው ሶዲየም መውጫ የለውም፤ ጂፕሰሙም ይባክናል። ማጠንፈፊያ ይቅደም። ከዚያ ጂፕሰሙን በሦስት ዓመት ከፍለው፣ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ጋር አዋህደው፣ ውሃ እየለቀቁ ያጥቡ። ጨውን ብቻ በንጹህ ውሃ ማጠብ ሶዲየሙን ሳይነካ ስለሚያስቀር ሸክላው ይበልጥ ይበተናል፤ መሬቱም ከቀድሞው ይብሳል።

ጥያቄ፦ በዋልካ ላይ የሠራሁት አጥር በየዓመቱ ይዘማል፤ የቤቴም ግድግዳ በማዕዘኑ ተሰነጠቀ።

መልስ፦ ምሰሶው የቆመው በሚንቀሳቀሰው ንጣፍ ውስጥ ስለሆነ ነው። የአጥሩ ምሰሶ የወቅት ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት፤ ስንጥቁ ከ1 ሜትር በላይ ሊጠልቅ ይችላል። ለቤቱ አፈሩን ያስፈትሹ፦ 10 ሚሊ ሊትር የደረቀ የተነፋ አፈር በ100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውሃ ውስጥ ከ24 ሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መሠረቱን ያለ መሐንዲስ አይንኩ። እስከዚያው የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ከግድግዳው አርቀው ያፍስሱ፤ በዙሪያው ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ የሚያዘነብል ስሚንቶ ያስነጥፉ። ባሕር ዛፍም ከግድግዳው አጠገብ አይትከሉ፤ በጋ ላይ አንዱን ማዕዘን ብቻ ያደርቅና ስንጥቁን ያሰፋዋል።